የድሮ ሱፐር 8 ፊልም አቼቶ አቼቶ ሲሸት (እና ሌሎች ጣጣዎቹ)

ከቤተሰብ ሳጥን ውስጥ የድሮ የሰርግ ምናምን ሱፐር 8 (ያ ቀጭኑ 8 ሚሊሜትር የቤት መቅረጫ ፊልም) ያገኛችሁ ሰዎች፣ በናታችሁ ፕሮጀክተር ላይ ለመጫን አትቸኩሉ፣ መጀመሪያ ቆርቆሮውን ክፈቱና አሽትቱት።

አቼቶ አቼቶ ይላል? ፊልሙ የተሰራበት አሲቴት የሚባለው ፕላስቲክ ራሱ እየፈረሰ አሲድ እያወጣ ነው፣ ያው አቼቶ ውስጥ ያለው አሲድ ማለት ነው። ሙቀትና እርጥበት ያፋጥነዋል፣ ታፍኖ ሲቀመጥ ደግሞ የራሱ ትነት መልሶ ይበላዋል፣ አጠገቡ ያለውንም ጤነኛ ፊልም ይዞት ይሄዳል። ወደ ድሮው የሚመልሰው ነገር የለም፣ አትልፉ። ከሌሎቹ ለዩት፣ አየር የሚያገኝ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት፣ ቶሎ ስካን አስደርጉት፣ በቃ።

ምስሉ ይዘላል ወይ ማሽኑ ይንጫጫል? ፊልም ሲያረጅ ይኮማተራል፣ 1 ፐርሰንት እንኳን ካጠረ የጎን ቀዳዳዎቹ ከፕሮጀክተሩ ጥርስ ጋር አልገጥም ይሉና መቀደድ ይጀምራል። እኔ ይሄን ሳላውቅ የአጎቴን ሰርግ ጫንኩት፣ ሙሽሪት ከመኪና እየወረደች እያለ ፊልሙ ቀጥ አለ፣ ከዛ መሀል ፊቷ ላይ ቡናማ ክብ ወጣ፣ አረፋ እየደፈቀ ሰፋ፣ አምፖሉን እስካጠፋ ድረስ ፊቷ የለም። ያንን ፍሬም አሁንም አለኝ፣ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ስካን የሚያደርግላችሁን ሰው መጀመሪያ "ማሽንህ ጥርስ አለው?" በሉት፣ በሮለር ብቻ የሚጎትት ነው የሚሻለው።

ሁሉም ነገር ሮዝ ሆኗል? ሰማያዊ አረንጓዴው ቀለም ቀድሞ ስለሚለቅ ነው። ኮዳክሮም (የኮዳክ አንዱ የቀለም ፊልም ዓይነት) ከሆነ ጨለማ ውስጥ እስከተቀመጠ ብዙም አይለቅም፣ ሌላው ግን ስካን ከተደረገ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ነው የሚስተካከለው፣ ፊልሙን በማጠብ አይመለስም።

ነጭ ዱቄት ወይ የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር? ሻጋታ ነው፣ ክረምቱን እርጥብ ቁም ሳጥን ውስጥ የከረመ ላይ አይጠፋም። ውሃ እንዳታስነኩት! ሻጋታ የበላው ጄላቲን (ምስሉን የያዘው ስስ ሽፋን) በውሃ ይሟሟል፣ ምስሉ ከጨርቁ ጋር ይወጣል። መጀመሪያ በደንብ ይድረቅ፣ ከዛ ለስላሳ ጨርቅ 99 ፐርሰንት አይሶፕሮፒል አልኮል በትንሹ ነክሮ ቀስ ብሎ መጥረግ፣ ግን ምስል የሌለበት ጫፉ ላይ ሞክሩት መጀመሪያ። የፋርማሲው 70 ፐርሰንት ቀሪው ውሃ ነው፣ እሱን ተዉት።

የተቀጠለበት ቦታ ከለቀቀ ለፊልም የተሰራ መቀጠያ ቴፕ ፈልጉ። የጽህፈት መሳሪያ ቤቱ ፕላስተር ሙጫው እየሾለከ ከላይ ያለውን ዙር ያጣብቅባችኋል፣ እሱን ማላቀቅ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።