ከደብረ ማርቆስ ሞጣ በጮቄ በኩል፦ ጉዞውን የሚያበላሹ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ከደብረ ማርቆስ ሞጣ ለመግባት ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው በአዲስ አበባው መንገድ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ተመልሶ ደጀን፣ ከዚያ በብቸናና በደብረ ወርቅ የሚዞረው ነው። ሁለተኛው ሽቅብ ሮብ ገበያ ወጥቶ፣ ጮቄን ረግጦ፣ በድጓ ጽዮን ሞጣ የሚወርደው ነው። አገር ለማየት የወጣ ሰው ሁለተኛውን ይመርጣል፤ እኔም የምመክረው እሱኑ ነው። ግን እዚያ መንገድ ላይ ሰው የሚቸገርበት ነገር አብዛኛው ምንጩ አንድ ነው። ጉዞው በኪሎ ሜትር ይታቀዳል፤ መንገዱ ግን ዋጋውን የሚያስከፍለው በከፍታ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጮቄ ጫፍ ደግሞ ከ4,000 ያልፋል።

መናኸሪያው ጭር ብሏል

ይኼን ከሁሉ በፊት ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ ድንገት ይዘጋል፣ ስልክና ኔትወርክም ይቋረጣል። «ትናንት ክፍት ነበር» የሚባል መረጃ ለዛሬ አይሠራም። ማለዳ መናኸሪያ ሄዳችሁ የሮብ ገበያና የድጓ ጽዮን ሚኒባሶች፣ አይሱዙዎችም ጭምር፣ ሲወጡ ካላያችሁ እናንተም አትውጡ። ሾፌሮቹን ጠይቁ፤ ከማንም በላይ እነሱ ያውቃሉ። መታወቂያ ከእጃችሁ አይለይ፣ ማታ አትንዱ። መንገዱ ካጠራጠራችሁ ጉዞውን ወደ ሌላ ሳምንት ማዛወር ነው፤ ጮቄ የትም አይሄድም።

ሳንደርስ መሸብን፣ ያሰብነውንም ሳናይ አለፍን

ካርታው ላይ ቅርብ መስሎ ስለሚታይ ብዙ ሰው ቁርሱን ተረጋግቶ በልቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ 4 ሰዓት ላይ ይነሳል። እስከ ሮብ ገበያ ያለው 27 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ በኋላ ባለው ጠጠርና ኩርባ ግን በሰዓት 20 እና 30 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ ደህና ሄዳችኋል። ጫፉ ላይ ስትደርሱ ደመናው ወርዶ ተራራውን ሸፍኖታል፣ ከፊት ያለ መኪና እንኳ አይታይም።

መፍትሄው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ መነሳት ነው። ቁርሱን አስቋጥራችሁ ያዙ። ሰማዩ ጥርት የሚለው እስከ ረፋድ ነው፤ ጅብራው በጓሳው መሐል ተተክሎ፣ ቅጠሉ ላይ ያደረው ውርጭ ገና ሳይቀልጥ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ወሩን ለመምረጥ ዕድል ካላችሁ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለውን ያዙ፤ አደይ አበባውም ጭቃው መድረቁም አንድ ላይ ይገኛል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ይቅርባችሁ፤ የግድ ከሆነ በደጀን ዙሩ። በዚያ በኩልም ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ ማርያም ስላሉ ጉዞው ባዶ አይሆንም።

ገበያ ቀን ላይ ከጣላችሁ ደግሞ መንገዱ በፈረስ፣ በአህያና በበግ ይሞላል። ጡሩምባ መንፋት ፈረሱን ያስደነግጠዋል፣ ፈረሱም ጋላቢውን ይጥለዋል። ዝግ ብሎ መከተል ነው፤ ሰው ራሱ መንገድ ይለቃል።

ሽቅቡ ላይ መኪናው ጉልበት አጣ፣ ጥቁር ጭስ አወጣ

ብዙዎች ወዲያው ነዳጁን ወይም ፍሪሲዮኑን ይጠረጥራሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን መኪናው ጤነኛ ነው፤ ያነሰው አየሩ ነው። 4,000 ሜትር ላይ ሞተሩ ደብረ ማርቆስ ላይ ያገኝ ከነበረው አየር አንድ አምስተኛ ያህሉ ይጎድልበታል። ካርቡራቶር ያለው የድሮ መኪና ይኼን ስለማያውቅ የለመደውን ያህል ቤንዚን ያፈሳል፣ ሳይቃጠል የቀረውም ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተርም እንደዚያው ነው። በኮምፒውተር የሚሠራው አዲሱ መኪና ነዳጁን ራሱ ይቀንሳል፤ ጉልበቱ ግን እሱም ላይ ይቀንሳል።

ስለዚህ ማርሹን ቀድማችሁ ቀንሱ። ሞተሩ ማቃሰት ከጀመረ በኋላ ሳይሆን ከኩርባው በፊት። ነዳጅ መርገጡን ማብዛት ጭሱን እንጂ ጉልበቱን አይጨምርም። ከመነሳታችሁ በፊት የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ አራግፉት፣ ካረጀም ለውጡት፤ በአቧራ የታፈነ ፊልትሮ እዚህ መንገድ ላይ ድርብ በደል ነው። ዕቃም ቀንሱ። ጭሱ ቁልቁል ከወረዳችሁ በኋላም ካልጠፋ ያኔ መካኒክ ፈልጉ።

ሙቀቱ ከፍ ካለም ምንጩ እዚሁ አካባቢ ነው። ጫፉ ላይ ውሃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ድንች ለመብሰል የሚዘገየውም ለዚህ ነው። ራዲያተሩን የሚጠብቀው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፤ የክዳኑ ጎማ ካለቀ ውሃው ቀድሞ ይፈላል። ክዳን ርካሽ ነው፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ለውጡት። መንገድ ላይ ከፈላ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ክዳኑን አትንኩ፤ ፊት ላይ የሚተፋው እንፋሎት ምሕረት የለውም።

ቁልቁል ስንወርድ ፍሬኑ ሸተተ፣ ፔዳሉም ለሰለሰ

ሰው ሽቅቡን ይፈራል፤ መኪና የሚጎዳው ግን ቁልቁሉ ላይ ነው። ከጮቄ ወደ ድጓ ጽዮን ስትወርዱ፣ ወይም ከአዲስ አበባ መጥታችሁ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትገቡ፣ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ከሸተታችሁ ፍሬናችሁ ነው። ምክንያቱ እግርን ፍሬን ላይ አሳርፎ መውረድ ነው። ሸራው ይግላል፣ መያዝም ያቆማል። የፍሬን ዘይቱ ካረጀ ደግሞ እርጥበት ስለሳበ ይፈላል፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ የሚሰምጠው ያኔ ነው።

ሽታው ብቻ ከሆነ ሜዳ ያለበት ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ። ከጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ውሃ አትድፉበት፤ የጋለ ብረት ድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል። እጃችሁን ወደ ቸርኬው አስጠጉ፤ ሳትነኩት ሙቀቱ እጃችሁን ከገረፈው ገና ነው።

ፔዳሉ ከሰመጠ ደጋግማችሁ ርገጡት፣ ማርሹን አንድ በአንድ ቀንሱ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያላችሁ ሳቡ። ሞተሩን አታጥፉ፣ በዜሮ ማርሽም አትሂዱ። ነዳጅ እቆጥባለሁ ብሎ ማርሽ አውጥቶ ቁልቁል የሚለቅ ሾፌር ካጋጠማችሁ «ወራጅ አለ!» በሉና ውረዱ።

ደንቡ ቀላል ነው፤ ሽቅቡን በምትወጡበት ማርሽ ቁልቁሉንም ውረዱ። አውቶማቲክ ከሆነ ኤል ወይም 2 ላይ አድርጉ። ፍሬን ስትይዙ ጠንከር አድርጋችሁ አጭር ያዙና ልቀቁ። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ይለወጣል።

ጉም ዋጠን

ረጅም መብራት ጉም ላይ ተመልሶ ዓይን ያሳውራል፤ አጭሩን አብሩ። አራቱንም ፍሬቻ እያበሩ መንዳት የተለመደ ነው፤ ግን ወዴት እንደምትታጠፉ ከኋላ ያለው አያውቅም። ቆማችሁ ከሆነ ብቻ አብሩት።

ራሴን አመመኝ፣ አቅለሸለሸኝ

ኩርባው ነው ብላችሁ አትለፉት፣ ከፍታው ሊሆን ይችላል። ጎጃሜም ቢሆን 2,400 ለምዶ 4,000 ላይ ራሱን ሊያመው ይችላል። ውሃ ጠጡ፣ አትሩጡ፣ ጫፍ ላይ ረጅም ጊዜ አትቆዩ። ለብርዱ ብሎ አረቄ መቅመስ ሕመሙን ያባብሰዋል። የሚንገዳገድ ወይም ንግግሩ የተምታታ ሰው ካለ ፎቶውን ትታችሁ ወዲያው ውረዱ። ጋቢና ወፍራም ሹራብ በወበቅ ወር እንኳ ከመኪናው አይጥፋ።

ከሞላን በኋላ ሞተሩ መንተፍተፍ ጀመረ

መንገድ ላይ በሃይላንድ ተሞልቶ የሚሸጥ ቤንዚን ገዝታችሁ ከሆነ ነጭ ጋዝ ወይም ውሃ ተቀላቅሎበት ይሆናል። ደብረ ማርቆስ ማደያ ላይ ሙሉ አድርጋችሁ ውጡ፤ ሽቅብ በዝቅተኛ ማርሽ የሚበላው ነዳጅ ከለመዳችሁት ይበልጣል። ተቸግራችሁ መግዛት ግድ ከሆነ ሃይላንዱን ወደ ብርሃን አንሱት፤ ከሥሩ የተለየ መስመር ሠርቶ የተኛ ነገር ካለ ውሃ ነው፣ አትቀበሉት። ከገባ በኋላ ያወቃችሁት ከሆነ ሞተሩን አታስጨንቁት፤ ሞጣ ስትደርሱ ሰርባቶዮውን አስቀድታችሁ የነዳጅ ፊልትሮውን አስለውጡ።