የጣፋጭ ጠረጴዛ ስታሰናዱ

ባሕር ዳር ላይ ለሠርግ ወይም ለምርቃት የጣፋጭ ጠረጴዛ የምታዘጋጁ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰሃኑን ሁሉ በአንድ ከፍታ አትደርድሩት። ከጨርቁ ሥር ባዶ የለስላሳ ሣጥን ገልብጣችሁ አስገቡና የኋላውን ከፍ አድርጉት። ትልቁ ኬክ እዚያ ላይ ይቀመጥ፤ ኩኪሱ፣ ባቅላባው፣ የተቆራረጠው ማንጎ ከፊት ዝቅ ይበል። ጨርቁ ጥለት ያለው ነጭ ቢሆን በጣም ያምራል፤ ጥለቱ ታዲያ ወደ እንግዳው ይዙር።

የክሬም ኬክ ግን እንግዳ ሊገባ ሲል ብቻ ከፍሪጅ ይውጣ። ደብረ ማርቆስ ብርድ ስለሆነ ትንሽ ይታገሣል። ባሕር ዳር ግን ሙቀቱ ክሬሙን ቶሎ ያላላዋል፤ ጽሑፉም ይዝረከረካል። ማርና ፍራፍሬ ካለ ንብና ዝንብ አይቀርም፤ እስኪቆረስ ድረስ ንጹሕ ስስ ነጠላ ጣል አድርጉበት። ሹካና ሶፍት በመጨረሻው ጫፍ ይሁን።