የሎግኢን ችግር በጃንጎ፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ክብራን ገብርኤል ለሚሄዱ ጀልባዎች ቦታ የሚያዝበት፣ በጃንጎ (በፓይተን ቋንቋ የድረ ገጽ መገንቢያ) የተሠራ ድረ ገጽ እንውሰድ። ተጠቃሚው በስልክ ቁጥር እንዲገባ የራሳችሁን የተጠቃሚ ሞዴል (ተጠቃሚውን ዳታቤዝ ውስጥ የሚወክለውን ክላስ) ጽፋችኋል። ትኬት ሻጯ ቁጥሯንና የይለፍ ቃሏን ታስገባለች፤ ገጹ መልሶ ሎግኢን ላይ ያቆማታል።

የመጀመሪያው ስህተት ምክንያቱን ሳይለዩ ኮድ መነካካት ነው። የጃንጎን ሼል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍታችሁ ኦተንቲኬት የሚባለውን ፈንክሽን በእሷው ቁጥርና የይለፍ ቃል ጥሩት። «ነን» (ምንም የለም ማለት ነው) ከመለሰ ችግሩ ያለው ተጠቃሚው ላይ ነው። ተጠቃሚዋን ከመለሰ ግን የይለፍ ቃሉን ተዉትና ሰሽኑንና ኩኪውን (የገባው ሰው ማን እንደሆነ ሰርቨሩና ብራውዘሩ የሚያስታውሱባቸውን) መርምሩ።

የይለፍ ቃልን እንዳለ ማስቀመጥ። ዳታቤዙ ውስጥ የተጻፈው ቃል በግልጽ የሚነበብ ከሆነ ሎግኢኑ መቼም አይሠራም፤ አደጋውም ከሎግኢን ያልፋል። ማኔጀራችሁ (ተጠቃሚን የሚፈጥረውና የሚፈልገው ክላስ) ተጠቃሚ ሲፈጥር ቃሉን ወደማይነበብ መልክ የሚለውጠውን ሴት ፓስወርድን መጥራት አለበት። አድሚኑ (የጃንጎ ማስተዳደሪያ ገጽ) ላይ ሞዴሉን በዩዘር አድሚን ፈንታ በተራው ሞዴል አድሚን ማስመዝገብም እዚሁ ስህተት ውስጥ ይከታል። ተጠቃሚው እንዲገባ የተፈቀደለት መሆኑን የሚያሳየው ኢዝ አክቲቭ ፎልስ ከሆነም መልሱ ያው «ነን» ነው።

ቁጥሩን በአንድ መልክ አለመያዝ። አንዱ በ09 ወይም በ07 ጀምሮ ይጽፋል፣ ሌላው በ251፣ ሌላው በ+251፤ መሃል ላይ ክፍተት የሚያስገባም አለ። ለዳታቤዙ እነዚህ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ክፍተቱን አጥፉ፤ በ0 የሚጀምረውን ባለ 10 አሃዝ ቁጥር 0ውን በ+251 ተኩ፤ በ251 ለሚጀምረው የመደመር ምልክቱን ጨምሩ። የመጨረሻዎቹን 9 አሃዞች ብቻ መቁረጥ ግን አያዋጣም፤ ወደ ገዳማቱ የሚሄደው ቱሪስት የውጭ ቁጥር ይዞ ይመጣል። ማስተካከያው ምዝገባው ላይ ብቻ ከሆነ ግማሽ ሥራ ነው፤ ጃንጎ ሎግኢን ላይ ተጠቃሚውን የሚፈልገው በማኔጀሩ ጌት ባይ ናቹራል ኪ በኩል ስለሆነ እዚያም ጨምሩት።

ሴኪዩር ኩኪን (በተመሰጠረ ግንኙነት ብቻ የሚላከውን) ያለ ኤችቲቲፒኤስ መሞከር። ሰሽን ኩኪ ሴኪዩር ትሩ ሆኖ ላፕቶፕ ላይ በክሮም በሎካልሆስት ይሠራል፣ በዋይፋይ ከስልክ ሲከፈት ግን ብራውዘሩ ኩኪውን አይቀበልም። በሙከራ ጊዜ ፎልስ አድርጉት፤ ሰርቨር ላይ ትሩ ይሁን።

አንዴ ገብቶ አንዴ የሚያስወጣ ሰርቨር። ይህ ከሁሉም ያደክማል፤ ራንሰርቨር (የጃንጎ የሙከራ ሰርቨር) ላይ አይታይምና። ሴክሬት ኪውን (ጃንጎ ሰሽኑን የሚያረጋግጥበትን ሚስጥራዊ ቁልፍ) ሴቲንግስ ውስጥ ሰርቨሩ ሲነሳ በዘፈቀደ እንዲፈጠር ካደረጋችሁት፣ ጉኒኮርን (የፓይተን ሰርቨር) ላይ እያንዳንዱ ዎርከር (ጥያቄ የሚያስተናግድ ፕሮሰስ) የራሱን ቁልፍ ይይዛል። አንዱ ዎርከር ያስገባውን ሰው ሌላው አያውቀውም። ቁልፉ አንድና ቋሚ ሆኖ ከኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል ይነበብ። ሰሽን በሎካል ሜሞሪ ካሽ (በእያንዳንዱ ዎርከር ሜሞሪ ለብቻው) ሲቀመጥም ምልክቱ ይኸው ነው፤ ሁሉም ዎርከሮች የሚጋሩትን ዳታቤዝ ወይም ሬዲስ የሚባለውን ማስቀመጫ ተጠቀሙ።

የሰሽንን ውስጠኛ ዲክሽነሪ ቀይሮ ዝም ማለት። የተመረጡ ወንበሮችን ሰሽን ውስጥ ባለ ዲክሽነሪ ላይ ስትጨምሩ ጃንጎ ለውጡን አያስተውልም፣ ቀጣዩ ገጽ ላይ ወንበሩ ይጠፋል። የሰሽኑን ሞዲፋይድ ትሩ በሉት።

በጋራ ኮምፒውተር ላይ ነባሪውን ዕድሜ መተው። ካልተቀየረ ኩኪው 1,209,600 ሰከንድ፣ ማለትም 2 ሳምንት ይቆያል። ወደቡ ላይ ትኬት ሻጮች በአንድ ኮምፒውተር ከተፈራረቁ የጠዋቷ ሻጭ ስም የማታውን ሽያጭ ይይዛል። የሰሽኑን ዕድሜ የሚወስነውን ሴት ኤክስፓየሪን 0 ማድረግ ብራውዘሩ ሲዘጋ ያስወጣል ይባላል፤ ክሮም የነበሩ ገጾችን መልሶ እንዲከፍት ከተደረገ ግን ኩኪውም አብሮ ይመለሳል። 28,800 ሰከንድ፣ ማለትም 8 ሰዓት ስጡት፤ ፈረቃ ሲቀየርም የመውጫው ቁልፍ ጎልቶ ይታይ።