ሙዚቃዊ ቴአትር ከመጋረጃ ጀርባ እንዴት ይሰናዳል?

ዘፈን በሌለው ቴአትር ተዋናይ ልብስ ሲቀይር ጥቂት ሰከንድ ቢዘገይ፣ መድረክ ላይ ያለው ባልደረባው አንድ ሁለት ቃል ጨምሮ ያደርሰዋል። በሙዚቃዊ ቴአትር ግን ኦርኬስትራው አንዴ ከጀመረ ማንንም አይጠብቅም። ከመጋረጃ ጀርባ ያለው ጥንቃቄ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። በትልልቅ ከተሞች ያሉ ቴአትር ቤቶች ጉዳዩን በሰው ብዛትና በመሣሪያ ይወጡታል። ከዋና ከተማ ውጭ ባለ ቤት አንድ ሰው ሁለት ሦስት ሥራ ደርቦ ስለሚይዝ፣ ነገሩ ሁሉ ቀድሞ መታሰብ አለበት።

ፈቃድና ኖታ

ከባለመብቱ ጋር ውል ሳትፈራረሙ ፖስተር አታትሙ። ውሉ አብዛኛውን ጊዜ ዘፈን መቁረጥን፣ ቃል መለወጥን ወይም ትርዒቱን መቅረጽን ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ይከለክላል። የሙዚቀኞቹ ኖታ ብዙውን ጊዜ በኪራይ የሚመጣ ነው፤ ስለዚህ ገና ሲታደል ለሁሉም ለስላሳ እርሳስ አብራችሁ ስጡ። በእስክርቢቶ የተጻፈበት ኖታ ሲመለስ ያስከፍላል።

ልምምዱን በቅደም ተከተል መያዝ

የመክፈቻውን ቀን ያዙና ወደ ኋላ ቁጠሩ። 6 ሳምንት ካላችሁ የመጀመሪያውን ለዘፈን ብቻ ስጡ። ዜማው አፍ ላይ ሳይገባ ውዝዋዜ ከተጀመረ ትንፋሽ ይጠፋል፤ ድምፅም ይሰበራል። ከዚያ ውዝዋዜው፣ ቀጥሎ የመድረክ እንቅስቃሴው ይመጣል።

የልምምድ ክፍሉ ወለል ላይ የመድረኩን ትክክለኛ ስፋት፣ በሩንና ደረጃውን በባለቀለም ፕላስተር ምልክት አድርጉ፤ ለየትዕይንቱ የተለየ ቀለም ይሁን። ረጅም ቀሚስና ተረከዝ ያለው ጫማም በጊዜ ይምጣ። በሱሪ የተለማመደች ተወዛዋዥ ቀሚሱን መጀመሪያ የምትለብሰው መድረክ ላይ ከሆነ ደረጃው ላይ ትደናቀፋለች።

የመድረክ አስተዳዳሪው መዝገብ

ከውጭ አንድ ባለሙያ ብቻ ለመቅጠር አቅም ካላችሁ፣ እኔ የምመክረው ጥሩ የመድረክ አስተዳዳሪ ነው። መዝገቡ በአንድ ገጽ ተውኔቱን፣ በትይዩው የመብራት፣ የድምፅና የመድረክ ለውጥ ምልክቶችን ይይዛል። በሙዚቃዊ ቴአትር ምልክቱ የሚያርፈው ቃል ላይ ብቻ አይደለም፤ ስንተኛው ባር (ኖታው ላይ በቋሚ መስመር የተከፈለ የምቶች ክፍል)፣ ስንተኛው ምት ላይ እንደሆነም ይጻፋል። ስለዚህ አስተዳዳሪው ኖታ ማንበብ፣ ቢያንስ ምት መቁጠር አለበት። ለመብራትና ለድምፅ ሠራተኞቹ በጆሮ ማዳመጫው መጀመሪያ «ተዘጋጁ» ይላል፤ ሰዓቱ ሲደርስ «ሂድ»። በዚያ መስመር ላይ «ሂድ» የሚለውን ቃል ለሌላ ጉዳይ ማንም አይጠቀምበት፤ ብርሃን ያለ ቦታው ይጠፋል።

ከመድረኩ ጎን

እኔ በሠራሁበት አንድ ዝግጅት ጨለማው ውስጥ የሚገፋ የእንጨት ደረጃና አሥር ተቀባዮች (አጃቢ ዘፋኞች) በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ተገናኙ። የተጎዳ ሰው አልነበረም፤ ግን ዘፈኑ ያለ ተቀባይ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ማን በየት እንደሚወጣ፣ ምን ይዞ እንደሚያልፍ በወረቀት ሳልስል ልምምድ ወደ መድረክ አላስገባም። ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የደረጃዎቹ ጠርዝ ጨለማ ውስጥ የሚያበራ ፕላስተር ይደረግበት፤ ከተመልካች ዓይን የራቀ ደብዛዛ ሰማያዊ አምፖልም ይተከል።

ለመድረክ ዕቃዎች ጠረጴዛ አዘጋጁ። ላዩን በወረቀት ሸፍናችሁ የእያንዳንዱን ዕቃ ቅርጽ ዙሪያውን ሳሉ፤ ስሙንም ጻፉበት። ባዶ ቅርጽ ካያችሁ የጎደለው ምን እንደሆነ ወዲያው ታውቃላችሁ።

ፈጣኑ የልብስ ለውጥ ግን ለብቻው ሥራ ነው። መጀመሪያ ሙዚቃው ስንት ሰከንድ እንደሚሰጣችሁ በሰዓት ለኩ። 40 ሰከንድ ከሆነ ቁልፎቹ በቬልክሮ ይተኩ፤ የጫማ ማሰሪያው ላስቲክ ይሁን፤ የሚቻለው ልብስ ከሥር ይለበስ። ሱሪው ጫማው ላይ ተሰብስቦ መሬት ይቀመጥ፤ ተዋናዩ እግሩን ሲያስገባ ወደ ላይ ይሳብለታል። ሁለት ረዳት ካላችሁ አንዱ ከወገብ በላይ፣ ሌላው ከወገብ በታች ይያዝ። ተዋናዩ ራሱ ምንም አይንካ፤ ቆሞ ይተንፍስ፤ ቀጥሎ የሚዘፍነው እሱ ነው። ይህንን በልምምድ ክፍል 10 ጊዜ በብርሃን፣ ቀጥሎ በጨለማ ደጋግሙት። ውዝዋዜ የሚደጋገመውን ያህል ይህም ይገባዋል።

ድምፅ

ትንሿ ማይክ የምትቀመጠው የፀጉር ጠርዝ ላይ ወይም ከጆሮ በላይ ነው፤ ጠላቷ ላብ ነው። ባትሪው ለእያንዳንዱ ትርዒት ይቀየር። የድምፅ ባለሙያው ማይኩን ከዘፋኙ መግቢያ ጥቂት ቀደም ብሎ ይክፈት፤ ሲወጣ ወዲያው ይዝጋ። አለዚያ ከጎን የሚወራው ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ይሰማል።

ቤታችሁ ለኦርኬስትራ የተዘጋጀ ጉድጓድ ከሌለው ሙዚቀኞቹ ከዲኮሩ ጀርባ ወይም ጎን ካለ ክፍል ሊቀመጡ ይችላሉ። ያኔ በኦርኬስትራው መሪ ላይ ካሜራ አነጣጥሩና ምስሉን ዘፋኞቹ ቀና ሲሉ በሚያዩት ስክሪን ላይ አሳዩ። መሪውም መድረኩን የሚያይበት ስክሪን ይኑረው።

ከኦርኬስትራው ጋር መገናኘት

ጀርመኖች «ዚትስፕሮበ» ይሉታል፤ ተቀምጦ መለማመድ ማለት ነው። ዘፋኞቹ ሳይንቀሳቀሱ፣ ከኦርኬስትራው ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ይዘፍናሉ። ለሳምንታት አንድ ፒያኖ ብቻ ሲሰሙ የቆዩ ሰዎች የክር መሣሪያውና ጥሩምባው ሲከባቸው ፊታቸው ሲለወጥ ማየት ለእኔ ከመክፈቻው ምሽት ይበልጣል። የሙዚቀኞች ክፍያ ለመቆጠብ ብላችሁ ይህን ቀን አትዝለሉ፤ የፍጥነትና የመግቢያ ስህተት የሚታረመው እዚህ ነው።

መድረክ ላይ

በቴክኒክ ልምምድ ቃለ ተውኔቱ እየተዘለለ ከምልክት ወደ ምልክት ይኬዳል። አሰልቺ ነው፤ ለተዋናዮቹ ቀድማችሁ ንገሯቸው። በክብደት ሚዛን የሚወጣና የሚወርድ ዲኮር ካለ፣ ስትሰቅሉ መጀመሪያ በሚሰቀልበት ዘንግ ላይ ዲኮሩን እሰሩ፤ ከዚያ ማመጣጠኛ ክብደቱን ጫኑ። ስትፈቱ ተቃራኒው ነው፤ ክብደቱ ይቀድማል። ዘንግ ሲንቀሳቀስ ከሥሩ ሰው አይቁም። በመጨረሻ ሙሉ ልብስ ለብሳችሁ፣ ያለ ማቋረጥ፣ ቢያንስ 2 ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ተለማመዱ።

የትርዒት ምሽት

በእንግሊዝ ቴአትር ቤቶች «ግማሽ ሰዓት ቀረ» የሚባለው መጋረጃ ሊከፈት 35 ደቂቃ ሲቀር ነው፤ ተዋናዮች 5 ደቂቃ ቀድመው ቦታቸውን ስለሚይዙ። ያን ሰዓት ያልደረሰ ሰው ካለ ተተኪው ይነገረው። ተተኪ ለብቻው መቅጠር ካልቻላችሁ፣ ከተቀባዮቹ መሐል የሌሎችን ቦታ የሚያጠና አንድ ሰው ከመጀመሪያው ሳምንት ምረጡ። ጠብና ሰው ማንሳት ያለበት ትዕይንት ደግሞ አዳራሹ ሳይከፈት በየቀኑ በዝግታ ይከለስ።

የመጨረሻው ትርዒት እንዳለቀ ዲኮሩን ለማፍረስ ሁሉም ይረባረባል። አንድ ሰው ግን ለብቻው ላጲስ ይዞ ይቀመጥ። በኪራይ የመጣውን ኖታ ገጽ በገጽ ያጽዳ፤ በመሣሪያው ስም ይቁጠር፤ የጎደለ ካለ ሙዚቀኞቹ ሳይበተኑ ይጠይቅ።