«ዘ ቬጂቴሪያን»ን ሳትወዱትም ሳትጥሉትም እንዴት እንደምታነቡት

የደቡብ ኮሪያዊቷን ደራሲ የሃን ካንግን ልቦለድ «ዘ ቬጂቴሪያን» (ሥጋ የማትበላው እንደማለት ነው) አራት ኪሎ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ እያነበብኩ መሐል ላይ ዘጋሁት። ለሳምንት አልነካሁትም። አሁን ሁለቴ ጨርሼዋለሁ፣ ግን ወደድኩትም ጠላሁትም ማለት ያቅተኛል። ልትጀምሩት ካሰባችሁ ወይ እንደኔ ከዘጋችሁት፣ የረዳኝን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሽልማቱን እርሱት። እ.ኤ.አ. በ2007 በኮሪያኛ ታተመ፣ በ2016 እንግሊዝኛ ትርጉሙ ለተተረጎሙ መጻሕፍት የሚሰጠውን ማን ቡከር ኢንተርናሽናል ሽልማት አገኘ፣ ደራሲዋም በ2024 ኖቤል ተሸለመች። ካልወደድኩት ጥፋቱ የኔ ነው ብላችሁ ግን አትጨነቁ። በምግብ ጉዳይ ወይም ራስን በመጉዳት ሐሳብ የተቸገራችሁበት ጊዜ ቅርብ ከሆነ ደግሞ አሁን አትጀምሩት። ይቆይ።

መጽሐፉ ቀጭን ነው፣ በአንድ ቀን ያልቃል። እንደዚያ አታንብቡት። ሦስት ክፍል ስላለው ሦስት ቀን ስጡት፣ እርሳስ ያዙ፣ የከበዳችሁ ቦታ ሁሉ ጎን ላይ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ፣ ዮንግ ሄን፣ ማን እያያት እንደሆነ ጻፉ። ዮንግ ሄ ባየችው ሕልም የተነሳ ሥጋ መብላት ታቆማለች፣ ታሪኩን የምትነግረን ግን እሷ አይደለችም። መጀመሪያ ባሏ ያወራል፣ ቀጥሎ በእህቷ ባል ዓይን፣ መጨረሻ በእህቷ ዓይን እናያታለን። የሷ ድምፅ በሕልሞቿ ብቻ ብልጭ ይላል።

የቤተሰቡ ገበታ ላይ ስትደርሱ ቀስ በሉ። እጇ ተይዞ አባቷ ሥጋ አፏ ውስጥ ሊከት ይታገላል፣ እሷ ቢላ ታነሳለች። እኛ አገር ሥጋ አለመብላት ብርቅ አይደለም፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ለምን የሚል የለም፣ ስለዚህ «የነሱ አገር ጉዳይ ነው» ብሎ ማለፍ ይቀላል። ፋሲካን አስቡት እስቲ። ጾሙ ተፈቶ፣ ዶሮው ቀርቦ፣ አንዲት ልጅ «ሕልም አይቻለሁ፣ አልበላም» ብትል ስንት እጅ ጉርሻ ይዞ ይዘረጋባታል? ስንቴ «በሞቴ» ትባላለች? ጉርሻ ፍቅር ነው፣ እወደዋለሁ። እዚያ ገጽ ላይ ግን የተዘጋ አፍ ላይ የሚገፋ ጉርሻ ምን እንደሚሆን አየሁ። መጽሐፉን ያስዘጋኝ እሱ ነው።

ሁለተኛው ክፍል ለኔም አልተፈታልኝም። የእህቷ ባል ቪዲዮ የሚሠራ አርቲስት ነው፤ ገላዋ ላይ አበባ እየሳለ ይቀርጻታል፣ በኋላም አብሯት ይተኛል። አጻጻፉ ያምራል፣ የረበሸኝም ማማሩ ነው። የታመመች ሴት መጠቀሚያ ስትሆን እያየሁ በውበቱ መፍዘዜን እስካሁን አልተቀበልኩትም። እዚህ ላይ ያስጠላችሁ የተነገረው ነገር ይሁን አነጋገሩ ለይታችሁ ጻፉ። ብዙዎቻችን የምናነበው የዲቦራ ስሚዝን እንግሊዝኛ ነው፣ ትርጉሙም ከኮሪያኛው ርቋል የሚል ክርክር አስነስቷልና አንድ ሐረግ ይዛችሁ ደራሲዋን አትክሰሱ።

ሦስተኛው ክፍል ድረስ ግን እባካችሁ ሂዱ። ዮንግ ሄ ዛፍ መሆን ፈልጋ ምግብ ትታለች፤ ታላቅ እህቷ ሱቅ እየሠራች፣ ልጅ እያሳደገች፣ ሆስፒታል ትመላለሳለች። እኔ ያለቀስኩት ለታላቋ ነው።

ስትጨርሱ ያነበበ ሰው ፈልጉ። «ወደድሽው?» ብላችሁ አትጀምሩ፣ «የት ላይ ዘጋሽው?» በሏት። እኔና ጓደኛዬ ከአራት ኪሎ ፒያሳ በእግራችን እየሄድን ስንከራከር፣ እሷ የዘጋችው ሁለተኛው ክፍል ላይ ሆኖ ተገኘ፤ የአባትየውን ጉርሻ ጭራሽ አላስታወሰችውም። ማታ ደውላ «እንደገና አነበብኩት» አለችኝ፣ ከዚያ ሁለታችንም ትንሽ ዝም አልን።