የሶፍትቦል ዱላ በልክ እንዴት ይመረጣል?

ሶፍትቦል የተወረወረ ኳስ በዱላ የሚመታበት፣ የቤዝቦል ዘመድ የሆነ ጨዋታ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዱላው እንደ ጫማ ሱቅ ገብቶ እየሞከሩ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ስታዲየም ዙሪያ ያሉት የስፖርት ዕቃ ሱቆች የሚታወቁት በኳስ፣ በማሊያና በታኬታ ነው። ዱላው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከውጭ በሚገባ ዘመድ ሻንጣ ነው፤ ልኩ ከተሳሳተ ደግሞ መልሶ መቀየር የለም። ስለዚህ ምርጫው ዱላው ከመገዛቱ በፊት፣ እዚሁ ቤት ውስጥ በሜትርና በሚዛን ማለቅ አለበት።

ሌላው ችግር ልማዳችን ነው። የተማሪ ዩኒፎርም እጅጌው ረዘም ተደርጎ እንደሚሰፋ ሁሉ ዱላም «ታድግበታለች» ተብሎ ትልቁ ይታዘዛል። እጅጌ ታጥፎ ይለበሳል፤ ዱላ ግን አይታጠፍም። ልጅ በማትችለው ዱላ ዓመት ሙሉ ስትለማመድ የምትለምደው የተበላሸ የመምታት ስልት ነው፤ አድጋ ዱላው ሲቀላት እንኳ ያ ልማድ በቀላሉ አይለቃትም። ዱላ የሚገዛው ዛሬ ላለው ክንድ ነው።

ዱላው ላይ የሚጻፉት ቁጥሮች

መጠኑ የሚጻፈው በኢንችና በአውንስ ነው። 1 ኢንች 2.54 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 1 አውንስ 28.35 ግራም ነው። የልጆች ዱላ ከ24 ኢንች አካባቢ ይጀምራል፤ የአዋቂው 34 ኢንች (86.4 ሳ.ሜ.) ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በላይ ሕጉ አይፈቅድም። የመምቻው፣ ማለትም የወፍራሙ ክፍል፣ ስፋት 2 ከ1/4 ኢንች (5.7 ሳ.ሜ.) ነው።

ከርዝመቱ ጎን የመቀነስ ምልክት ያለው ቁጥር ይገኛል፤ -9፣ -10፣ -12 እያለ የሚሄድ። ድሮፕ ይባላል። የኢንቹን ቁጥር ይዘው ይህንን ሲቀንሱ ክብደቱን በአውንስ ያገኛሉ። 30 ኢንች ሆኖ -10 የተጻፈበት ዱላ 20 አውንስ፣ ማለትም 567 ግራም ነው። ያው 30 ኢንች -12 ከሆነ 18 አውንስ፣ 510 ግራም ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የድሮፑ ቁጥር በጨመረ መጠን ዱላው ይቀላል እንጂ አይከብድም። ዘመድዎ በስልክ «-12 ነው ያገኘሁት» ቢልዎት ከ-10 የቀለለ ነው ማለት ነው።

1. ርዝመቱን ይለኩ

የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ተጫዋቿ ቀጥ ብላ ትቁም፤ አንድ እጇን ወደ ጎን በትከሻዋ ልክ ትዘርጋ። የሜትሩን ጫፍ ደረቷ መሃል፣ አጥንቱ ላይ ያድርጉና በክንዷ ላይ አስኪደው እስከ መሃል ጣቷ ጫፍ ይለኩ። ትከሻዋን ወደ ላይ ካነሳች ወይም ወደ ጎን ካዘነበለች ልኩ በ2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ይዛባል፤ ይህ ደግሞ አንድ ሙሉ ቁጥር ነው። ስለዚህ ጀርባዋን ግድግዳ አስደግፈው ሁለት ጊዜ ይለኩ። ያገኙትን ለ2.54 ያካፍሉ።

ለምሳሌ ቁመቷ 1 ሜትር ከ48 የሆነች የ12 ዓመት ልጅ 74 ሳ.ሜ. አካባቢ ትለካለች፤ ይህ ሲካፈል 29.1 ይመጣል። የ29 ኢንች ዱላ ይበቃታል። ውጤቱ በሁለት ቁጥሮች መሃል ላይ ከወደቀና ተጫዋቿ ጀማሪ ከሆነች አጭሩን ይውሰዱ።

በዕድሜ የሚሠራው ግምት ለማመሳከር ይጠቅማል። ከ8 ዓመት በታች 24–26 ኢንች፣ 8 እና 9 ዓመት 26–28፣ 10 ዓመት 28–29፣ 11 እና 12 ዓመት 29–31፣ 13 እና 14 ዓመት 31–32፣ 15 እና 16 ዓመት 32–33፣ ከዚያ በላይ 33–34 ኢንች ነው። የሜትሩ ውጤት ከዚህ ቢለይ ሜትሩን ይመኑ፤ እኩያ የሆኑ ልጆች በቁመት በጣም ሊበላለጡ ይችላሉ።

ርዝመቱ መድረሱን የሚያረጋግጥ አንድ ሙከራ አለ። መቺዋ አጠገቡ የምትቆመው፣ መሬት ላይ የተነጠፈው የሶፍትቦል ሰሌዳ ስፋቱ 17 ኢንች፣ ማለትም 43 ሳ.ሜ. ነው። ግቢ ውስጥ በጠመኔ 43 ሳ.ሜ. የሚራራቁ ሁለት መስመሮች ያስምሩ። ከዚያ የመጥረጊያ እንጨት በመረጡት ርዝመት ይቁረጡ። ተጫዋቿ የእግሯ ጣቶች ከቅርቡ መስመር 15 ሳ.ሜ. ያህል ርቀው ትቁም፤ ጉልበቷንና ወገቧን ትንሽ አጥፋ እንጨቱን በሁለት እጇ፣ ጫፉን ወደ መሬት ዝቅ አድርጋ፣ ወደ ሩቁ መስመር ትዘርጋ። ጫፉ ሩቁን መስመር ከነካ ወይም ጥቂት ካለፈ ርዝመቱ ልክ ነው። ካልደረሰ አንድ ኢንች ይጨምሩ። ከ30 ሳ.ሜ. በላይ አልፎ ከሄደ ረዝሟል፤ እንዲህ ያለ ዱላ ኳሱን በእጀታው አካባቢ ያስመታና መዳፍ ያነዝራል።

2. ክብደቱን ይወስኑ

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ፤ ከርዝመቱ ይልቅ ተጫዋች የሚያበላሸው ክብደቱ ነው። አንድ ኢንች የረዘመ ዱላ ዝቅ አድርጎ በመያዝ ሳይሆን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ በመያዝ ይቻቻላል። ሁለት አውንስ የከበደ ግን በእያንዳንዱ ምት ክንድ ይጎትታል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ኳስ ርቆ የሚሄደው በዱላው ክብደትና በፍጥነቱ ነው፤ ከባድ ዱላ የሚጠቅመው ያንኑ ፍጥነት ይዞ ማወዛወዝ ለሚችል ሰው ብቻ ነው። ትንሽ ልጅ ክብደት ሲጨመርባት ፍጥነቷ ስለሚወርድ ትርፍ የለውም፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ኳሱ ጋ በሰዓቱ አትደርስም። በአዋቂ ሴቶች ጨዋታ ወርዋሪዋ የምትቆመው 13 ሜትር (43 ጫማ) ርቀት ላይ ብቻ ነው፤ የልጆቹ ደግሞ ከዚያም ይቀርባል። ዱላን አሰላስሎ ለማምጣት ጊዜ የለም።

መነሻ የሚሆኑት ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። እስከ 10 ዓመት ላሉ ጀማሪዎች ከ-11 እስከ -13፤ ከ11 እስከ 13 ዓመት ላሉ -10 ወይም -11፤ ከ14 ዓመት በላይ ለሆኑ -9 ወይም -10። -8 ክንዳቸው የጠነከረና ጨዋታውን የቆዩበት ተጫዋቾች ዱላ ነው። በግራም ሲታይ 28 ኢንች -12 ዱላ 454 ግራም፣ 30 ኢንች -11 ዱላ 539 ግራም፣ 32 ኢንች -10 ዱላ 624 ግራም፣ 33 ኢንች -9 ዱላ 680 ግራም ነው።

አሁን ዱላው ሳይኖር ክብደቱን እንዴት ይሞክሩታል? የቅድሙን እንጨት ይጠቀሙ። ለምሳሌያችን ልጅ 29 ኢንች -11 አስበናል እንበል፤ 18 አውንስ፣ ማለትም 510 ግራም። 74 ሳ.ሜ. አድርገው የቆረጡትን እንጨት በወጥ ቤት ሚዛን ወይም በሰፈር አትክልት ቤት ሚዛን ላይ ያስመዝኑ። 230 ግራም ከሆነ 280 ግራም ይጎድላል። ያንን ያህል ደረቅ አሸዋ በፌስታል ቋጥረው በርዝመቱ ሦስት አራተኛ ላይ፣ ከእጀታው ጫፍ 55 ሳ.ሜ. አካባቢ፣ በሰፊ ስኮች ዙሪያውን አጥብቀው ያሰሩ። ቦታው ወሳኝ ነው፤ አሸዋውን መሃል ላይ ቢያስሩት እንጨቱ ከእውነተኛው ዱላ ቀልሎ ይሰማል፤ የዱላ ክብደት ወደ መምቻው ያደላልና። ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ማሰር ይቀላል፣ ግን ጠርሙሱ ካልሞላ ውሃው እየተንገጫገጨ ስሜቱን ያሳስታል።

ተጫዋቿ በምትጽፍበት እጇ የእንጨቱን ጫፍ ይዛ ክንዷን ወደ ጎን በትከሻዋ ልክ ትዘርጋ፤ እንጨቱም ከመሬቱ ጋር ትይዩ ይሁን። የስልክዎን ሰዓት ይጫኑ። 30 ሰከንድ ሳይወርድና ሳይንቀጠቀጥ ከያዘችው ክብደቱ ይሆናታል። 30 ሰከንድ ሳይሞላ ጫፉ መውረድ ከጀመረ ከብዷል፤ 28 ግራም አሸዋ ቀንሰው፣ ማለትም አንድ አውንስ አቅልለው፣ ከአምስት ደቂቃ ዕረፍት በኋላ ይድገሙ። የደከመ ክንድ ሐሰተኛ ውጤት ስለሚሰጥ ዕረፍቱን አይዝለሉ። 45 ሰከንድ ያለ ችግር ካለፈች ደግሞ አንድ አውንስ መጨመር ይቻላል።

ቀጥሎ እንጨቱን በሁለት እጅ ይዛ አሥር ጊዜ በጣም በዝግታ የመምታት እንቅስቃሴውን ታሳይ። ከጎን ሆነው ይዩ፦ ጫፉ ከእጅ አንጓዋ በታች ወርዶ የሚሄድ ከሆነ፣ ወይም የኋላ ክርኗ ጎድኗ ላይ ከተለጠፈ ክብደቱ አሸንፏታል። በኃይል ግን እንዳታወዛውዝ፤ የታሰረ አሸዋ ሊበተን፣ እንጨቱም ከእጇ ሊያመልጥ ይችላል።

3. ዓይነቱን ይለዩ

ዱላ ሁሉ የሶፍትቦል ዱላ አይደለም። የቤዝቦል ዱላ መምቻው ይወፍራል፣ ለጠንካራና ትንሽ ኳስ የተሠራ ነው፤ በሶፍትቦል ውድድር አይፈቀድም። ከሶፍትቦል ዱላዎች መካከልም ሁለት ዓይነት አለ፦ በፍጥነት ለሚወረወር ኳስ የሚሆነው ፋስትፒች እና ከፍ ብሎ በዝግታ ለሚመጣ ኳስ የሚሆነው ስሎውፒች። ስሎውፒች ዱላ አብዛኛውን ጊዜ 34 ኢንች ሆኖ ከ26 እስከ 28 አውንስ ይመዝናል፤ ክብደቱም ብዙ ጊዜ ወደ ጫፉ ያደላል። ለልጅ አይሆንም። ልጆች የሚጫወቱት ፋስትፒች ከሆነ ይህ ቃል ዱላው ላይ መኖሩ መረጋገጥ አለበት።

የክብደት ስርጭቱም ይጠየቅ። ሁለት ዱላዎች ሚዛን ላይ እኩል ሆነው አንዱ ሲወዛወዝ ሊከብድ ይችላል፤ ክብደቱ ጫፉ ላይ ስለተከመረ ነው። ለጀማሪም ለመካከለኛም ተጫዋች ክብደቱ የተመጣጠነውን ይምረጡ።

ሥሪቱ በአብዛኛው አሉሚኒየም ወይም ኮምፖዚት (ከካርቦን ቃጫና ከሙጫ የሚሠራ) ነው። ኮምፖዚት እጅ ብዙም አያነዝርም፣ የሚመታበትም ቦታ ሰፊ ነው፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ለጨዋታ ከመዋሉ በፊትም ወደ 150 ወይም 200 ጊዜ ያህል፣ ዱላውን እያዞሩ በቀስታ መምታት ይፈልጋል። ለአዲስ አበባ ዋናው ነገር ብርዱ ነው። ኮምፖዚት አየሩ ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን ሊሰነጠቅ ይችላል። ከኅዳር እስከ ጥር ጃንሜዳ ላይ ጠዋት 1 ሰዓት የሚለማመድ ቡድን ከዚያ በእጅጉ የቀዘቀዘ አየር ያጋጥመዋል። ልምምዱ በማለዳ ከሆነ አሉሚኒየም ይግዙ፤ ቢጎደጉድ እንኳ በአንድ ምት ተሰንጥቆ አይቀርም። ኮምፖዚት ካለ ደግሞ ፀሐይ እስክትሞቅ፣ እስከ 4 ሰዓት አካባቢ፣ ከቦርሳው አይውጣ።

4. ትእዛዙን ይጻፉ

ለሚያመጣው ሰው «የሶፍትቦል ዱላ፣ ለ12 ዓመት ልጅ» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ሻጩ ያገኘውን ይሰጠዋል። መልእክቱ ይህን ይያዝ፦ ፋስትፒች፣ ርዝመት 29 ኢንች፣ ድሮፕ -11፣ አሉሚኒየም፣ ክብደቱ የተመጣጠነ። በቁጥሩ ካልተገኘ ምን እንደሚተካውም ይንገሩት፤ «29 ከጠፋ 28 ይሁን፣ 30 ግን አይሁን» ካላሉት ትልቁ ይመጣል። ልጅቷ ውጭ አገር ወይም በማኅበር በሚዘጋጅ ውድድር የምትሳተፍ ከሆነ አዘጋጁ የሚቀበለውን የማረጋገጫ ማህተም አስቀድመው ጠይቀው ስሙን ይጨምሩ። ዱላ አውሮፕላን ውስጥ በእጅ አይያዝም፤ በሚጫን ሻንጣ ነው የሚገባው። ከ30 ኢንች በላይ የሆነ ዱላ ትልቅ ሻንጣ ውስጥም ቢሆን በሰያፍ ካልሆነ አይገባም።

5. ሲደርስ ይፈትሹ

መጀመሪያ ሚዛን ላይ ያድርጉት። ከተጻፈው አንድ አውንስ ቢበልጥ አይገረሙ፤ ይህ በአዳዲስ ዱላዎችም የተለመደ ነው። ቀጥሎ የ30 ሰከንዱን ሙከራ በራሱ በዱላው ይድገሙ። ያገለገለ ዱላ ከሆነ መምቻውን በጥፍርዎ ዙሪያውን ይፋቁ፤ ጥፍር የሚይዝ ቀጭን መስመር ካለ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ጆሮዎ አጠገብ ነቅንቀው ያዳምጡ፤ ውስጡ የሚንኮሻኮሽ ነገር ወይም የላላ ክዳን ካለ ለጨዋታ አይዋል።

ከብዶ ከመጣ ተጫዋቿ እጆቿን ከእጀታው ጫፍ ከ3 እስከ 5 ሳ.ሜ. ከፍ አድርጋ ትያዝ፤ ዱላው ወዲያው ይቀላል። በመጋዝ ማሳጠር ግን አይታሰብ። አሉሚኒየምም ኮምፖዚትም ውስጡ ክፍት ስለሆነ ሲቆረጥ ይዳከማል፣ ሲመታም ተሰብሮ ሰው ይጎዳል። እጀታው ለትንሽ እጅ ከወፈረ የተጠቀለለውን ፈትተው ቀጭን የቴኒስ ራኬት መጠቅለያ ያልብሱት።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኳሱ የሚሄድበትን አቅጣጫ ይመልከቱ። በቀኝ የምትመታ ልጅ ኳሶቿ ሁሉ ወደ ቀኝ፣ ወደ አንደኛው ቤዝ በኩል ከሄዱ ዘግይታለች፤ ዱላው ከብዷል። ሁሉም ወደ ግራ ከመስመር ውጭ ከወጡ ቀድማለች፤ ቀልሏታል። ከዚያ በየስድስት ወሩ በሜትርና በሰዓት እንደገና ይለኩ። 45 ሰከንዱን ያለ ድካም ማለፍ ስትጀምር መጀመሪያ የሚቀየረው ድሮፑ ነው፤ ከ-11 ወደ -10። ርዝመቱ የሚጨመረው ሜትሩ ራሱ አንድ ኢንች ሲጨምር ነው።