«አንብቤው ነበር እኮ!» የጽሑፍ እርማት ችግርና መፍትሄ

ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ካሉት የኮምፒዩተር ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ነው የምሠራው። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የእድር ማስታወቂያ፣ የሠርግ ጥሪ፣ ማመልከቻ፣ ሁሉም በእጄ ያልፋል። ደንበኞች ደጋግመው የሚያነሱትን ችግር ከነምክንያቱ ላስቀምጥ።

«ሦስቴ አንብቤዋለሁ፤ ስህተቱ የታየኝ ከታተመ በኋላ ነው»

ምክንያት፦ የጻፋችሁትን በቃላችሁ ስለምታውቁት ዓይናችሁ ወረቀቱ ላይ ያለውን ትቶ ያሰባችሁትን ያነባል። በዚያ ላይ ሐሳቡንም ፊደሉንም ቁጥሩንም ባንድ ንባብ ልትጨርሱ ሞክራችኋል።

መፍትሄ፦ ጽሑፉ ይደር። ጊዜ ከሌለ የፊደሉን ዓይነትና መጠን ቀይራችሁ አትሙትና ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ትንፋሽ ያጠራችሁ ቦታ ላይ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል፣ «ሲሆን» የሚለውን አውጥታችሁ ለሁለት ክፈሉት። ቅደም ተከተሉም አለ። መጀመሪያ ሐሳቡ ይታይ፣ የሚጣል አንቀጽ ይጣል። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩ። ፊደልና ነጥብ መጨረሻ ላይ። ብዙ ተማሪ በፊደሉ ይጀምርና ግማሽ ቀን የለፋበትን ገጽ አማካሪው ባንድ መስመር ይሰርዝበታል።

ስምና ቁጥር ግን የራሳቸው ዙር ይኑራቸው። እኔ አንድ የሠርግ ጥሪ አንዲት ነጥብ ሳላስቀር አርሜ የሙሽራዋን አባት ስም ተሳስቼ አሳለፍኩ። 300 ካርድ ከኪሴ ደግሜ አተምኩ።

«ቃሉን ፈልጎ መተካት እምቢ አለኝ»

ምክንያት፦ የከተማችንን ስም ተመልከቱ፤ አዋሳ፣ ሀዋሳ፣ ሐዋሳ። ባንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ሦስቱንም አግኝቻለሁ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለጆሯችን አንድ ቢሆኑም ለኮምፒዩተሩ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱን ስትፈልጉ ሌላውን አያመጣላችሁም።

መፍትሄ፦ በብጣሽ ወረቀት «ሀዋሳ፣ ሥራ፣ ዓመት» እያላችሁ የመረጣችሁትን አጻጻፍ መዝግቡ፤ ሌላውን ሁሉ ወደዚያ መልሱ። የትኛው ትክክል ነው የሚለውን ግእዝ አዋቂዎች ይከራከሩበት፤ ባንድ ገጽ ሦስት ዓይነት መጻፍ ግን ዝርክርክነት ነው።

አራት ነጥብንም እዩት። ብዙ ሰው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ይመታና «፡፡» ያደርገዋል። መስመሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ግማሹ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። እኔ ፋይል ስከፍት በመጀመሪያ የማደርገው ይህን ሁሉ በ«።» መተካት ነው።

«እኔ ያልኩት ሌላ፣ የተረዱት ሌላ»

ምክንያት፦ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ዓሣው ይበላል» ላልቶ ሲነበብ በላተኛው ዓሣው ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ እኛ ነን።

መፍትሄ፦ ጽሑፉን ለማያውቅ ሰው ስጡና ድምፅ አውጥቶ ያንብብላችሁ። ከተደናቀፈ ቃሉን ለውጡት፣ «ዓሣው ለምግብ ይሆናል» በሉ።

«መምህራኖች»፣ «ቃላቶች»፣ «ሕፃናቶች»

ብዙ ላይ ብዙ ተጨምሮ ነው። «መምህራን» ወይም «መምህሮች» ይበቃል።

«ፋይሉን ስከፍተው አማርኛው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆነ»

ይህ የእርማት ጉዳይ አይደለም። ጽሑፉ የተመታው ከዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች ፊደልን ከሚለዩበት የጋራ ሥርዓት፣ በፊት በነበረ የፊደል ዓይነት ነው። ወደ ዩኒኮድ ካስቀየራችሁት በኋላ እንደገና አንብቡት፤ በመቀየሩ ጊዜ የሚሳሳት ፊደል አይጠፋም።

«ደብዳቤው ተመለሰብኝ»

ምክንያት፦ ከአሮጌ ደብዳቤ የተቀዳ ነው። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክልል ሆኗል፣ ሀዋሳም መቀመጫው ናት፤ ራስጌው ግን እስካሁን «ደቡብ ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል» ይላል። ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ፤ ከውጭ መጽሐፍ የተወሰደ 2012 «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ ከእኛው 2012 ጋር ይምታታል። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው።

መፍትሄ፦ የተቀዳ ደብዳቤን ከራስጌው እስከ ግልባጩ አንብቡት። ግልባጩን ማንም ስለማያይ፣ የተዘጋ መሥሪያ ቤት ስም የማገኘው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።